አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ፋይል አልላክ ሲል ተጠያቂው ማን ነው?

በቶረንት የሚወርደው ፋይል ይከንፋል። ተራው ደርሶ ለሌላው መላክ ሲገባው ግን ቁጥሩ ዜሮ ላይ ድርቅ ይላል። ባለቤቱ ኢንተርኔት ለሚሸጥለት ድርጅት ይደውላል። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ይባላል። ኮምፒውተር ያውቃል የተባለ ዘመድ ይጠይቃል። «ፋየርዎሉን እየው፣ ፖርት ክፈት፣ ፕሮግራሙን አጥፍተህ እንደገና ጫነው» ይባላል። ሁሉም ተሞክሮ ፋይሉ አሁንም ካልሄደ የመጨረሻው ፍርድ ይከተላል፤ «እንግዲህ ችግሩ ካንተ ነው።»

ምክሩ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። አንዳንዴ ይሠራል። ነውሩ ምርመራው ሁልጊዜ ተጠቃሚው ቤት ተጀምሮ እዚያው ተጠቃሚው ቤት ማለቁ ነው። ከግድግዳው ውጭ ስላለው መስመር፣ መስመሩን ስለሚሸጠው ኩባንያ፣ ኩባንያው በመስመሩ ላይ ስለሚያደርገው ነገር የሚጠይቅ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዳውላው የተጠቃሚው ራውተር ነው፤ ሁሉም ይደበድበዋል። አህያው ግን ወርሃዊ ሒሳቡን እየሰበሰበ ቆሞ ያያል።

አህያውን ራሱን የመታ ሰው ግን አልጠፋም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነገር ፋይል አልሄድ ብሎት ራሱን የሚወቅስ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ወንፈል ነው ነገሩ

መጀመሪያ ቶረንት እንዴት እንደሚሠራ። ብራም ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር ቢትቶረንትን በ2001 ሲያወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሐሳቡ ለሐበሻ ገበሬ እንግዳ አልነበረም። ወንፈል ነው። ፋይሉ በትንንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል። አንዱ ያለውን ቁራጭ ለሌለው ይሰጣል፣ የጎደለውን ደግሞ ከሌላው ይቀበላል። ሁሉም ወርዶ እንዲቀዳበት የሚጠበቅ አንድ ትልቅ ሰርቨር አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ደግሞ ማን እንደሰጠ ይቆጥራል። ለሰጠው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሳይሰጥ የሚቀበለውን ወደ ኋላ ይገፋል። የጎረቤቱን ማሳ ሳያርም የቀረ ሰው የራሱ ማሳ በአረም ቢዋጥ ማን ይገረማል?

ስለዚህ መላክ አለመቻል ተራ ጉድለት አይደለም። እጁ የታሰረ ሰው በወንፈሉ ዘንድ ሰነፍ መስሎ ይታያል። ሊሰጥ ይፈልጋል፣ ፋይሉ አለው፣ መስመሩንም ከፍሎበታል። ሌላው ግን የሚያየው አለመስጠቱን ብቻ ነው። እጁን ማን እንዳሰረው ካልታወቀ ስሙም ንፉግ ሆኖ ይቀራል።

የኦሪገኑ ሰው

በ2007 ሮብ ቶፖልስኪ የተባለ የኦሪገን ነዋሪ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመው። ሙያው ሶፍትዌር መፈተሽ ነበር። ፍቅሩ ደግሞ «ባርበርሾፕ» የሚባለው፣ አራት ሰዎች ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ የሚያዜሙት የድሮ የአሜሪካ ዘፈን። የባለቤትነት መብታቸው ጊዜው ያለፈባቸውን አሮጌ ቅጂዎች ለሌሎች አፍቃሪዎች ሊያካፍል ፈለገ። ማውረዱ ይሠራል፤ መላኩ እምቢ አለ። መስመሩን የሚሸጥለት ኮምካስት ነበር፤ የአሜሪካ ትልቁ የኬብል ኩባንያ።

ቶፖልስኪ እንደ ማንኛውም ሰው ራሱ ቤት ያለውን አንድ በአንድ አየ። ችግሩን ሲያጣ ግን ራሱን ከመውቀስ ይልቅ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ፓኬት መዝግቦ ማንበብ ጀመረ። ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር።

ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ አንደኛው በድንገት ማቋረጥ ካስፈለገው «ሪሴት» የሚባል አጭር ፓኬት ይልካል። ትርጉሙ «በቃ፣ ዝጋው» ነው። የሚደርሰው ኮምፒውተር ምክንያት አይጠይቅም፤ ወዲያው ይዘጋል። በቶፖልስኪ መስመር ላይ እነዚህ የ«ዝጋው» መልእክቶች ይጎርፉ ነበር። የላካቸው ግን እሱም ሆነ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው አልነበረም። መሐል ላይ የተቀመጠ መሣሪያ በሁለቱም ስም እየፈረመ ይልካቸው ነበር።

ይህን ወደ ተራ ሕይወት ማምጣት ቀላል ነው። ሁለት ወዳጆች ይጻጻፋሉ። ፖስተኛው ደብዳቤ መሸከም ሰለቸው። «አልወስድም» ብሎ በግልጽ መናገር ግን አልፈለገም። በአንደኛው የእጅ ጽሕፈት «ከእንግዲህ እንዳትጽፍልኝ» ብሎ ለሁለተኛው ጻፈ፣ በሁለተኛው የእጅ ጽሕፈት ደግሞ ለአንደኛው። ወዳጆቹ ተኳርፈው ቀሩ። ፖስተኛው ደመወዙን መቀበሉን ቀጠለ።

ቶፖልስኪ ያገኘውን በግንቦት 2007 ለሕዝብ አወጣ። ኩባንያው ካደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አሶሺዬትድ ፕሬስ የዜና ወኪል የራሱን ሙከራ አደረገ። ለሙከራ የመረጠው ፋይል የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ዝውውሩ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ከአሥር ደቂቃ መዘግየት በኋላ ነው የጀመረው። የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም በበኩሉ ፈትሾ አረጋገጠ። በሁለቱም ጫፍ የተመዘገበው ሲነጻጸር አንደኛው ጫፍ የተቀበለውን «ዝጋው» ሌላኛው ጫፍ ፈጽሞ አልላከውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ኩባንያው «አንከለክልም» ማለቱን ትቶ «እናዘገያለን» ወደ ማለት ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል። ቶፖልስኪ ራውተሩን መቶ ጊዜ አጥፍቶ ቢያበራ ኖሮ ምን ይፈይድለት ነበር?

«መስመሩ ይጨናነቃል» የሚለው መከራከሪያ

የኩባንያዎቹ መልስ ዛሬም ያው ነው። የኬብል መስመር የሰፈር የጋራ ነው፤ የመላኪያው ድርሻ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ሌሊትና ቀን ሲልኩበት የጎረቤት ስልክና ኢሜይል ይጎተታል። ይህ እውነት ነው፤ መጨናነቅ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ጥያቄው መጨናነቅ መኖሩ አይደለም። ጥያቄው ፊርማ ማጭበርበር መፍትሔው ነው ወይ የሚለው ነው።

መልሱን የሰጠው ኮምካስት ራሱ ነው። ከተጋለጠ በኋላ በ2008 መጨረሻ የፕሮግራሙን ዓይነት ወደማይለይ አሠራር ተዛወረ። መስመሩ በተጨናነቀ ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት ከሁሉም በላይ የሚጠቀሙትን ደንበኞች፣ የሚያደርጉት ምንም ይሁን ምን፣ ለጊዜው ከሌላው ኋላ ማሰለፍ ጀመረ። አሠራሩንም በዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ አወጣ። መጨናነቁ ያለ ሐሰተኛ መልእክት መያዝ ይቻል ነበር ማለት ነው። እስኪጋለጥ ድረስ ሳይደረግ የቀረው ስላልተቻለ ሳይሆን ስላልተገደደ ነው።

የቶረንት ሰዎችም ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ማይክሮ ቲፒ የሚባለውን የመላኪያ ዘዴ ሠርተዋል፤ መስመሩ ላይ ሰልፍ መፈጠሩን ሲያይ ራሱን ወደ ኋላ የሚያደርግ፣ ለጎረቤት ስልክ መንገድ የሚለቅ። ተጠቃሚው ነው ሥርዓት የለሽ የሚባለው፤ ሥርዓቱን መጀመሪያ ጥሶ የተገኘው ግን ባለመስመሩ ነው።

«ቶረንት የሌባ መሣሪያ ነው» የሚሉም አሉ። በቶረንት ብዙ የተሰረቀ ፊልም መዘዋወሩ አይካድም። ነገር ግን የሊነክስ ሥርዓቶች በዚሁ መንገድ ይሰራጫሉ፤ ኢንተርኔት አርካይቭም ስብስቡን በቶረንት ያቀርባል። የ«ዝጋው» መልእክት ደግሞ የፋይሉን ባለቤት አይጠይቅም። ያገደው የመቶ ዓመት ዘፈንና መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። መንገድ ላይ ሌባ አለ ተብሎ መንገደኛው ሁሉ በጨለማ አይደበደብም።

ሕጉስ ምን አደረገ?

አቤቱታው ወደ አሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሄደ። በየካቲት 2008 ሃርቫርድ ላይ የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ብዙ ሰው ውጭ ቀረ። በኋላ ኩባንያው ወንበር እንዲይዙ ለሰዎች መክፈሉን አመነ። በነሐሴ 2008 ኮሚሽኑ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ድርጊቱ ስህተት ነው ብሎ እንዲያቆም አዘዘ፤ የገንዘብ ቅጣት ግን አልጣለም። ደንበኞች በጋራ የመሠረቱት ክስ ኩባንያው ጥፋተኛነቱን ሳያምን በ16 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ለአንድ ደንበኛ የሚደርሰው ቢበዛ 16 ዶላር ነበር።

በሚያዝያ 2010 ደግሞ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ትእዛዝ ሻረ። ልብ ሊባል የሚገባው ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ትክክል ነው አላለም። ኮሚሽኑ በዚህ ጉዳይ ላይ የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው አላሳየም ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ሕጉ እንደ ዥዋዥዌ ሆነ። በ2015 ጠንካራ ደንብ ወጣ፣ በ2017 ተሻረ፣ በ2024 ተመለሰ፣ በጥር 2025 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አፈረሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደንበኛው ፋይሉ ለምን እንዳልሄደ የማወቅ መብቱ በየምርጫው ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ግልጽ ያልሆነው ግድግዳ

ሐሰተኛ «ዝጋው» ሲላክ ቢያንስ የሚያዝ ወንጀለኛ አለ። ዛሬ ግን መላክን የሚያስቸግሩት ነገሮች ማንም እንደ ጥፋት የማይቆጥራቸው ናቸው። ሁለቱ ዋነኞች ናቸው።

አንደኛው የመስመሩ ስፋት ነው። ኢንተርኔት የሚሸጠው በማውረጃ ፍጥነት ነው። የመላኪያው ቁጥር ካለም በደቃቅ ጽሕፈት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው ነው። የአሜሪካው ኮሚሽን ራሱ «ፈጣን ኢንተርኔት» ብሎ የበየነው በ2010 ለማውረድ 4 ሜጋቢት፣ ለመላክ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። በ2015 ማውረጃው ወደ 25 ከፍ ሲል መላኪያው 3 ሆነ። በ2024 መቶ ለሃያ ደረሰ። የ2015ቱን ወስዶ ማስላት ይቻላል። አንድ ጊጋባይት ፋይል በ25 ሜጋቢት ለማውረድ አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ያንኑ ፋይል በ3 ሜጋቢት ለመላክ አርባ አራት ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህን መስመር የዘረጋው ሰው ደንበኛውን ተመልካች እንጂ ሰጪ አድርጎ አላሰበውም።

ሁለተኛው የአድራሻ ነገር ነው። አሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ከ4.3 ቢሊዮን ያልበለጠ ቁጥር ነው የሚይዘው። ማዕከላዊው ክምችት በየካቲት 2011 አለቀ። አዲሱና ሰፊው ሥርዓት፣ አይፒ ቪ6፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙ ኩባንያዎች ግን እሱን እስኪያዳርሱ ድረስ ርካሹን መንገድ ያዙ፤ ብዙ ደንበኞችን በአንድ የጋራ አድራሻ ሥር አጎሩ።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ግቢው አንድ በርና አንድ ጥበቃ አለው። ነዋሪው ራሱ ወጥቶ የጠራው እንግዳ ሲመጣ ጥበቃው ያስገባል። ሳይጠራ መጥቶ «እገሌን ፈልጌ ነው» የሚል እንግዳ ግን ጥበቃው የትኛው ብሎክ፣ የትኛው ቤት እንደሚወስደው ስለማያውቅ ይመልሰዋል። በቶረንት ዓለም ፋይሉን ፈልጎ የሚመጣው ሰው ያ እንግዳ ነው። «ፖርት ክፈት» የሚለው ምክር የራስን የቤት በር ክፈት ማለት ነው። ተጠቃሚው በሩን ወለል አድርጎ ቢከፍተው የግቢው ቁልፍ በእጁ አይደለም። ሁለቱም ጫፍ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም የሚያውቁት አማላጅ ካልተገኘ አይገናኙም።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ራውተሩ ከውጭ መስመሩ የተሰጠው አድራሻ በ10፣ በ192.168 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባሉት ቁጥሮች ከጀመረ፣ ወይም «የእኔ አይፒ ስንት ነው» ተብሎ ሲጠየቅ ከሚመጣው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ደንበኛው በጋራ በር ሥር ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ «ፖርት ክፈት» የሚለው ሁሉ የደንበኛውን ጊዜ እያባከነ ነው።

የተጠቃሚው ድርሻ እዚህ ድረስ ነው

ለፍትሕ ሲባል ከተጠቃሚው የሚጠበቀውም ይነገር። ፋይሉን የሚፈልግ ሰው ከሌለ መላኪያው ዜሮ መሆኑ ጤና ነው። ፕሮግራሙ ላይ የመላኪያ ገደብ ተቀምጦ እንደሆነ ይታይ። ሜጋቢትና ኪሎባይት አይምታቱ፤ 1 ሜጋቢት 125 ኪሎባይት ነው። ፋየርዎል ይፈተሽ። መላኪያው እስከ ጥግ ከተሞላ የማውረጃው ማረጋገጫ መልእክትም መውጫ ስለሚያጣ ማውረዱ አብሮ ይጎተታል፤ ስለዚህ ገደቡ ከተለካው የመላኪያ ፍጥነት ሰማንያ በመቶ ገደማ ላይ ቢደረግ ይሻላል። በመጨረሻም ያው ኮምፒውተር፣ ያው ፋይል በሌላ መስመር ይሞከር። እዚያ ከሄደ ተጠርጣሪው ኮምፒውተሩ አይደለም።

የተጠቃሚው ድርሻ እዚህ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው የባለመስመሩ ነው፤ መልስ መስጠትም የእሱ ነው።

ወዲህ ሲመጣ

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዋሽንግተን ያለው ሐበሻ የሠርጉን ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለችው እናቱ ሲልክ አንደኛው ጫፍ አሜሪካ ነው፣ ሌላኛው ኢትዮጵያ። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በሞባይል ነው፤ በሞባይል ኔትወርክ ደግሞ የጋራ አድራሻ በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነው። ለዚህም ነው ሁሉም ነገር በቴሌግራም የሚያልፈው። ቴሌግራም ፋይሉን ራሱ ሰርቨር ላይ ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ የጋራው በር አያግደውም። ነገር ግን ወንፈሉ ቀርቶ አንድ ጎተራ ሆነ ማለት ነው። ጎተራው ከ2 ጊጋባይት፣ ለከፈለ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። ጎተራው የተዘጋ ዕለት የሚተርፍ የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከተቋቋመ ቆይቷል፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሳፋሪኮምም ገብቷል። ውድድሩ በማስታወቂያ ብቻ እንዳይቀር ከሁሉም ባለመስመር፣ እዚህም እዚያም፣ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት።

አንድ፦ የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ። ግማሹን ደብቆ መሸጥ የጎደለ ሚዛን ነው።

ሁለት፦ ደንበኛው በጋራ አድራሻ ሥር መሆኑ ሲመዘገብ ይነገረው፤ የራሱ አድራሻ የሚያገኝበት መንገድም ይመቻችለት፤ አይፒ ቪ6 ይዳረስ።

ሦስት፦ የሚዘገይ፣ የሚቋረጥ ወይም የሚታገድ ትራፊክ ካለ ምን፣ መቼና ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። በደንበኛው ስም መልእክት መፈብረክ ደግሞ በማንኛውም ምክንያት ክልክል ይሁን።

ከሦስቱ አንዱም አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ሁለቱ ወረቀት ላይ እውነቱን መጻፍ ብቻ ነው። ኮምካስት አሠራሩን ጽፎ ያወጣው ሕዝብ ካወቀበት በኋላ ነበር። ሌላው ደግሞ እስኪታወቅበት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

እስከዚያው ድረስ ፋይሉ አልሄድ ያለው ሰው አንድ ነገር ይያዝ። የራሱን ይፈትሽ፣ የፈተሸውን ይመዝግብ፣ ከዚያም ይደውል። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ሲባል «አብርቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ የእናንተን አሳዩኝ» ይበል። ዳውላው በቂ ዱላ ቀምሷል።